ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የመኪና ቀለም ቀቢ በቀን ስንት ሊትር ወተት ይጠጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባህርዳር ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው፣ 33 ዓመቴ ነው፣ ስራዬ የመኪና ቀለም ነው። 9 ዓመት ጋራዥ ተቀጥሬ ሰርቼ ዘንድሮ በግቢዬ ውስጥ በቆርቆሮና በላስቲክ የራሴን የቀለም ክፍል ሰራሁ፣ ባጃጅና አባዱላ እቀባለሁ። አቧራ እንዳይገባ ድፍን አርጌ ነው የዘጋሁት፣ ውስጡ አንድ ቬንትሌተር አለ፣ የህክምና ማስክ ሁለት ደርቤ አደርጋለሁ። ከ7 ወር ወዲህ ግን የቀባሁ ቀን ማታ ማታ ያስለኛል፣ ደረቴን ጭምድድ አርጎ ይዞ ሲር ሲር ይላል። አሞክሳሲሊን ሶስት ጊዜ ገዝቼ ጨርሻለሁ፣ ጓደኛዬ ፓፍ ሰጥቶኝ እሱን ስስብ ቀለል ይለኛል። ወተት በቀን አንድ ሊትር እጠጣ ነበር፣ በሁዳዴ ስተወው ባሰብኝ። ከፋሲካ በኋላ ዘጌ ጠበል ሄጄ 9 ቀን ስቆይ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶልኝ ነበር፣ ስራ ስጀምር ተመልሶ መጣ። ስራውን ያስተማሩኝ ጋሼ በሳምባ ነው ያረፉት። ወተቱን ስንት ሊትር ላድርገው? በፆምስ በምን ልተካው? ለክፍሉ ቬንትሌተር ሁለት ቢሆን ይበቃል? የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ እሷም ሰሞኑን ማሳል ጀምራለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእድሜ ታናሼ ስለሆንክ አንተ ልበልህ። ደብዳቤህን ሶስቴ አነበብኩት። የጠየቅከኝ ስለ ወተት ነው፣ እኔን ይዛ ያስቀረችኝ ግን "ጋሼ በሳምባ ነው ያረፉት" ያልካት ነገር ናት። ሌሊት ሲር ሲር ሲልብህ የሚያስጨንቅህ እሷ ነች አይደል? እንግዲያው መጀመሪያ እሷን ልመልስልህ። ጋሼ በምን እንዳረፉ ሳያዩ መናገር አይቻልም፣ የሳቸው መጨረሻ ግን ያንተ መጨረሻ ነው ተብሎ የተፃፈ ነገር የለም። 33 ዓመትህ ነው፣ ከስራው 9 ቀን ስትርቅ ሙሉ በሙሉ ጠፋልኝ ብለሃል፣ ይሄ በጣም ጥሩ ምልክት ነው፣ ሳምባህ አሁንም መመለስ እንደሚችል ራሱ ነግሮሃል። ከስራው ርቆም የማይመለስ ሳምባ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው።

ግን እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብልኝ። ጠበሉን አልነካብህም፣ እምነትህ ነው፣ ይበርታልህ። ዘጌ በቆየህባቸው 9 ቀናት ግን ሌላም ነገር ሆኗል፣ ሃርድነር፣ ማለት ቀለሙን የሚያጠነክረው ማጠንከሪያ፣ ያለበት አየር አልሳብክም። የቀባህ ቀን ማታ ይመጣል፣ ሳትቀባ ስትውል ይቀንሳል፣ ከስራ ስትርቅ ይጠፋል፣ ስትመለስ ይመለሳል። ይሄን ዑደት ሐኪም ፊት ብትናገረው መጀመሪያ የሚያስበው ከስራ የሚመጣ አስም ነው። ከክሊር፣ ከላይ ከሚረጨው የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ ጋር የምትቀላቅለው ሃርድነር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ፣ እሱ ደግሞ በዓለም ላይ ቀለም ቀቢዎችን አስም በማስያዝ የታወቀ ነው። ክፋቱ ወዲያው ላያስልህ ይችላል፣ ጠዋት ቀብተህ ቀኑን በሰላም ውለህ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ሌሊት ነው የሚነሳብህ፣ ስለዚህ ሰው ከስራው ጋር አያያይዘውም፣ ብርድ ነው ይላል፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ነው ይላል፣ አሞክሳሲሊን ይገዛል። ሌላው ክፋቱ ሽታው አያስጠነቅቅህም። አፍንጫህ የሚሸተው ቲነሩን ነው፣ አይሶሳይኔቱ ሳይሸት በሚጎዳ መጠን አየሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ "ሽታው ጠፍቷል፣ ማስኬን ላውጣ" ማለት አይሰራም። ሰውነትህ አንዴ እሱን ከለመደና ከተቆጣ ደግሞ ከዛ በኋላ በጣም ትንሽ መጠን እንኳን ሊያስነሳብህ ይችላል። ዛሬ ሲርሲርታ ብቻ የነበረው ሌላ ቀን ትንፋሽ የሚያሳጣ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው፣ 7 ወር መቆየትህ ያበሳጨኝም ለዚህ ነው።

እሺ አሁን ወተቱ። ይሄን ነገር ከቀቢ፣ ከብየዳ ሰራተኛ፣ ከእንጨት ቤት ልጆች፣ ከስንቱ እንደሰማሁት ልነግርህ አልችልም፣ እናቶች ሳይቀሩ "ልጄ ቀለም ነው ስራው፣ ወተት አላጓድልበትም" ይሉኛል፣ ከፍቅር ነው የሚያደርጉት አውቃለሁ። ግን እስቲ እጅህን ጉሮሮህ ላይ አድርግ። እዚህ ጋ ሁለት ቧንቧ ነው ያለው፣ አንዱ ወደ ሆድ አንዱ ወደ ሳምባ። የምትስበው ቀለም በሳምባው ነው የሚሄደው፣ ወተቱ በሆዱ፣ እነዚህ ሁለቱ የትም ቦታ አይገናኙም። ወተት ሳምባ ውስጥ ገብቶ ቀለም አጥቦ አያወጣም፣ ወተት ሳምባ ውስጥ ቢገባ እኮ ራሱ በሽታ ነው። ከቀባህ በኋላ ስትጠጣ ጉሮሮህ ላይ የሚሰማህ ልስላሴ እውነት ነው፣ ጉሮሮህ ደርቆ ተቆጥቷልና ቀዝቃዛ ውሃም፣ ሞቅ ያለ ሻይም እንደዛው ያደርገዋል። በደም የገባውን ቲነር ደግሞ ጉበትህና ትንፋሽህ ናቸው የሚያስወጡት፣ ወተት ስራቸውን አያፋጥንላቸውም። አንዳንድ ድርጅት ለሰራተኛው ወተት ያድል እንደነበር አውቃለሁ፣ በሌላ አገርም በህግ የሚታደልበት ጊዜ ነበር፣ ሰው ከዛ ነው "መድሃኒት ቢሆን ነው እንጂ ለምን ይሰጡ ነበር" የሚለው። ወተት ምግብ ስለሆነ ብዙውን ሰው አይጎዳም፣ ለአሰሪውም ከጥሩ ማስክና ከጥሩ አየር ማውጫ ይረክሳል። ጉዳቱ ግን ይሄ ነው፦ ወተት የጠጣ ሰው ራሱን የጠበቀ ይመስለዋል። አንተም በቀን አንድ ሊትር እየጠጣህ ነው እኮ 7 ወር የታመምከው።

"በፆም ስተወው ባሰብኝ" ላልከው ደግሞ እኔ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ሁዳዴ ላይ ስንት መኪና ቀባህ? ለፋሲካ መኪናውን ማሳመር የሚፈልገው ሁሉ የሚመጣው ያኔ አይደለም እንዴ? ስራህ በዛ፣ ሌሊትም ቀባህ፣ ባሰብህ። ፆምህን በሰላም ፁም፣ በምንም መተካት የለብህም። ስንት ሊትር ላልከው፣ ስትወድ አንድ ብርጭቆ፣ ስለሚጣፍጥህ ብቻ።

ፓፉ ላይ ግን እቆጣሃለሁ። የጓደኛህ ፓፍ ሳልቡታሞል የሚባለው የአስም መድሃኒት ይመስለኛል፣ የተጨመደደውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍተዋል፣ ውስጡ ያለውን እብጠት ግን አያድንም። ስቦ ቀለል ሲልህ ተመልሰህ ገብተህ ከቀባህ ቤትህ እየተቃጠለ የሚጮኸውን ደወል ዘግተህ መተኛት ነው። ሶስት ዙር አሞክሳሲሊን ደግሞ ለምን? ባክቴሪያ እንዳለብህ ማን አየው? ቀጥሎ ፋርማሲው ፕሪድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ እንክብል ይሰጥሃል፣ እሱ ያሻልሃል፣ በጣም ያሻልሃል፣ ከዛ ወር በገባ ቁጥር መግዛት ትጀምራለህ፣ ስኳርህና ደም ግፊትህ ሲወጣ ነው የምንገናኘው። አታርገው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ሁሉ የቲቢ ምርመራ ማድረግ አለበት፣ የመንግስት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ አንተ 7 ወር ሆነህ አላረግከውም። ቲቢ ነው እያልኩህ አይደለም፣ ያንተ ታሪክ አይመስልም፣ ግን ልጅ ያለበት ቤት ስለሆነ ተመርምረህ አረጋግጥ።

ወደ ክፍሉ ልምጣ። እኔ ሐኪም ነኝ፣ አናፂ አይደለሁም፣ የምነግርህ ከሳምባና ከቃጠሎ አንፃር ነው። ድፍን አርጎ የተዘጋ ላስቲክ ቤት የቀለም ክፍል አይባልም፣ ከቀለሙ ጋር አብረህ የገባህበት ፌስታል ነው። አቧራ የሚከለከለው በመዝጋት ሳይሆን አየሩ በማጣሪያ ገብቶ በማጣሪያ እንዲወጣ በማድረግ ነው፣ በአንድ በኩል ንፁህ አየር ይገባል፣ ከፊትህ ወደ መኪናው አልፎ በሌላው በኩል ከታች ይወጣል። ከታች ያልኩት የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ነው፣ መሬት ለመሬት ይተኛል፣ ከላይ መስኮት ብትከፍት እሱ እግርህ ስር ነው ያለው። አንተ የምታስገባው የቤት ቬንትሌተር ደግሞ አየሩን አያወጣውም፣ እዛው ያሽከረክረዋል፣ ከዛ ብሶ ሞተሩ ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል፣ በቲነር ትነት የተሞላ ክፍል ውስጥ አንድ ብልጭታ ምን እንደሚሰራ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሁለት ቬንትሌተር ይበቃል ወይ ላልከው መልሴ አንዱንም አውጣው ነው። የሚያወጣው ፋን ሞተሩ ከትነቱ መንገድ ውጪ የሆነ፣ ለዚህ ስራ የተሰራ መሆን አለበት፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና ተራ አምፖልም ውስጥ አይኑር፣ በቅርብ የሚበይድ ጎረቤትም፣ የቡና ከሰልም።

የአየሩን አቅጣጫ ማወቅ ከፈለግህ፣ ምንም ቲነር ሳይከፈት፣ ክፍሉ ባዶና ንፁህ በሆነበት ቀን ዕጣን አጭስና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እይ። ቀን ላይ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ነው የሚነፍሰው፣ ማታ ይገለበጣል፣ አንተ አቧራ ጋብ ሲል ብለህ ማታ ከቀባህ ቀን ከቤትህ ይርቅ የነበረው ማታ ወደ መኝታ ቤትህ ሊመለስ ይችላል። ጭሱ ልጅህ የምትተኛበት መስኮት ጋ ከሄደ ቀለሙም እዛው ነው የሚሄደው።

የህክምና ማስክ ሁለትም ደርብ አምስት ትነት አያስቆምም፣ አፍንጫህ ስር ያለችው ቀለም አቧራው የተወሰነ እንደተያዘ ታሳያለች እንጂ ትነቱ አልፎ ገብቷል። ባለ ከሰል ማጣሪያው የጎማ ማስክ ለቲነሩ በጣም ይሻላል፣ ፂምህን ከተላጨህና ማጣሪያውን በጊዜው ከቀየርክ። ባለ ሃርድነር ቀለም ለመርጨት ግን የሚመከረው ከውጪ ንፁህ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው፣ ያውም ለመተንፈሻ የሚሆን ማጣሪያ ያለው፣ ኮምፕረሰሩ ጄኔሬተር አጠገብ ከሆነ የጄኔሬተሩን ጭስ ነው የምትስበው። በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ፣ አንድ ጋራዥ መኪናዬን ላሳይ ሄጄ ልጁ ጥሩ ማስክ አርጎ ክሊር ይረጫል፣ ደስ አለኝ፣ እንደጨረሰ የቀለም መርጫ ጋኑን ሰቀለና ማስኩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አፍንጫውን ከመኪናው በር አንድ ስንዝር አስጠግቶ አብረቀረቀ ወይ ብሎ ማየት ጀመረ። ጉሙ ለዓይን ጠፋ እንጂ አየሩ ውስጥ ነበር። አንተም እንደምታደርገው እርግጠኛ ነኝ፣ ሁሉም ያደርገዋል። የባህርዳር ሙቀት ማስክ እንደማያስደርግ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ማስክህን ሳታነሳ ውጣ፣ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ አየር እስኪቀይር ማንም ያለማስክ አይግባ።

አንተ በተለይ ግን፣ ይሄን ሁሉ ብታሟላም፣ እስክትመረመር ድረስ ባለ ሃርድነር ቀለም አትርጭ። ስራህን ተው አላልኩህም፣ እሱን ነው የፈራኸው፣ አላልኩህም። ላሜራው፣ ስቱኮው፣ ዝግጅቱ፣ ሃርድነር የሌለው ቀለም፣ እነዚህን በጥሩ ማስክ መስራት ትችላለህ፣ ክሊሩን ደህና ክፍል ያለው ጋራዥ ከፍለህ አስረጭ፣ አንተ እዛ አትቁም፣ ትኩስ የደረቀውንም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ። ገቢህ ይቀንሳል፣ አውቃለሁ፣ ግን ቶሎ የራቀ ሰው ነው በደንብ የሚድነው።

ፈለገ ህይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሂድ። የሃርድነሩን ጣሳ ፅሁፍ በስልክህ ፎቶ አንስተህ ያዝ፣ የቀባህበትን ቀንና ያሳለህበትን ሰዓት ደብተር ላይ ፃፍ፣ ዘጌ ያልከኝን ሁሉ ንገራቸው፣ አታሳጥር። ትንፋሽ የሚለካ ትንሽ ቱቦ ይሰጡህ ይሆናል፣ ስራ ባለህም በሌለህም ቀን ስትነፋው ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። አንድ አረፍተ ነገር ሳታቋርጥ መጨረስ ካቃተህ፣ ከንፈርህ ከጠቆረ፣ ፓፉ ካላሻለህ ግን ቀጠሮ የለም፣ በዛው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል።

ልጅህን አታስጨንቅባት፣ የልጅ ሳል አብዛኛው ጉንፋን ነው። ግን ታሳያታለህ፣ ቀለም ሲረጭም ግቢው ውስጥ አትሆንም፣ አንተም የስራ ልብስህን ቀይረህ፣ እጅህን በቲነር ሳይሆን በሳሙና ታጥበህ ነው የምታቅፋት። ቲነሩን በሃይላንድ እያደረግክ ከሆነ ደግሞ፣ ቀቢ ቤት ሁሉ እንደዛ ነው የሚቀመጠው፣ ልጅ ውሃ መስሏት ነው የምትጠጣው። ከጠጣች ወተት አትስጣት፣ አታስመልሳት፣ ሲያስመልሳት ሳምባዋ ይገባል፣ ይዘሃት ወደ ሆስፒታል ሩጥ። ምርመራው ነገ ይሆናል፣ የሃይላንዱን ቲነር ግን ዛሬውኑ፣ ይሄን አንብበህ እንደጨረስክ፣ ቁልፍ ያለው ቦታ አስገባው።