ጥያቄና መልስ፦ «አስፋልት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዕድሜዬን የጨረስኩት መንገድ ሥራ ላይ ነው። ስለ አስፋልትና ስለ ዘመድ ቃላቱ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ።

ጥያቄ፦ አስፋልትና ሬንጅ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሬንጅ ጥቁሩ ማጣበቂያ ነው፤ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ከሥር የሚቀረው። አስፋልት የምንለው ሬንጁ ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር በትኩሱ ሲለወስ ነው። ከ100 ኪሎ ውስጥ ሬንጁ 5 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ሌላው ድንጋይ ነው። ጥቁረቱ ነው የሚያታልለን። ቅልቅሉ ሲወጣ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል፤ ሳይበርድ መነጠፍና መዳመጥ አለበት። ሳይት ላይ ቆማችሁ ካያችሁ፣ ልጆቹ አካፋቸውን ናፍጣ እያስነኩ ነው የሚሠሩት። አለዚያ ቅልቅሉ አካፋው ላይ ሙጭጭ ይላል።

ጥያቄ፦ ቃሉ ከየት መጣ?

ሥሩ የግሪኩ «አስፋልቶስ» ነው፤ ከመሬት የሚወጣ ሬንጅ ማለት ነው። መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት የግንበኛ ቃል ነበር። በግሪኩ ብሉይ ኪዳን የባቢሎን ግንብ ሲሠራ በጭቃ ፋንታ ያገለገለው አስፋልቶስ ነው። ሙት ባሕርንም የጥንት ሰዎች የአስፋልት ሐይቅ ይሉት ነበር፤ ጥቁሩ ነገር ከሥሩ እየወጣ ይንሳፈፍበት ነበር።

ጥያቄ፦ አስፋልት ወይስ አስፓልት?

ሁለቱም ይጻፋል። እኔ በ«ፋ» ነኝ።

ጥያቄ፦ ጥርጊያ፣ ፒስታና ኮረኮንች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ይህቺን ጥያቄ ወደድኳት። ጥርጊያ ስሙ እንደሚለው ተመንጥሮና ተጠርጎ መኪና እንዲያልፍበት የተደረገ ነው፤ ላዩ ያው አፈር ነው። ፒስታ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ጠጠር ለብሶ የተዳመጠውን መንገድ እንልበታለን። ኮረኮንች ግን የመንገድ ዓይነት አይደለም፤ የተሳፋሪ ቅሬታ ነው። ፒስታውም ሲያረጅ ኮረኮንች ይሆናል። «ኮረኮንች እንሠራለን» ብሎ ውል የፈረመ ኮንትራክተር አላየሁም። ሠርቶ ያስረከበ ግን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ዋናው አስፋልት ጋ ጠብቀኝ» ማለት ስህተት ነው?

ምን ስህተት አለው? ቁሱ ስሙን ለመንገዱ አስረክቧል። እናቶቻችን «አስፋልት እንዳትሻገሩ!» ሲሉን ስለ ሬንጅ እያወሩ አልነበረም፤ ስለ መኪና ነው። ከየትኞቹ ግሶች ጋር እንደሚሄድም ልብ በሉ። ኢንጂነሩ «ይነጠፋል» ይላል፣ ዜናው «መንገዱ አስፋልት ለበሰ» ይላል። የሰፈር ሰው ግን «አስፋልት ገባልን» ነው የሚለው፤ ልክ መብራት ገባ፣ ውሃ ገባ እንደሚባለው። ለእኔ ከሁሉም ይቺ ትበልጣለች። ከንጥፉ ይልቅ የስንት ዓመት ጥበቃውን ትናገራለች።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ለንደን ነው። እዚህ «ታርማክ» ይላሉ። ያው አስፋልት ነው?

በሰው አፍ አዎ፣ በትውልዱ አይደለም። ማክአዳም የሚባል ስኮትላንዳዊ ጠጠርን በልክ እየሰባበሩ፣ እየደራረቡ መንገድ መሥራትን አስተማረ። አቧራው ግን አስቸገረ። ኋላ ሁሊ የተባለ የዌልስ ተወላጅ ጠጠሩን ከቅጥራን ጋር ቀላቀለና እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አወጣበት። «ታር» ቅጥራን ነው፣ «ማክ» ደግሞ ከማክአዳም ተቆርጦ የቀረ። ቅጥራኑ ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ነበር፤ የዛሬው ሬንጅ የነዳጅ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ የመንገድ መዳመጫውን ሮለር «ባቡር» ይሉት ነበር። ተሳስተው ነው?

ኧረ በጭራሽ! በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ አዲስ አበባ አስገባ። ሰዉም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ያኔ ባቡር ማለት ሐዲድ ላይ የሚሄደው ብቻ አልነበረም፤ በሞተር የሚሠራው እህል መፍጫም «የወፍጮ ባቡር» ተብሏል። አያትዎ ትክክል ነበሩ።