አድማ ወይስ ሥራ መዝጋት? የ1994ቱና የ2021ዱ የቤዝቦል ውዝግብ

«በ1994ም በ2021ም አድማ የመቱት ተጫዋቾቹ ናቸው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም። በአሜሪካው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ ያቆሙት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ያ አድማ ነው። በ2021 ግን በሩን የዘጉት የቡድን ባለቤቶቹ ናቸው፤ ያ ሥራ መዝጋት ይባላል።

የ1994ቱ ኦገስት 12 ተጀመረ። ባለቤቶቹ ደመወዝ ላይ ጣሪያ ይኑር አሉ፣ ተጫዋቾቹ እምቢ አሉ። 232 ቀን ፈጀ፤ የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ የሆነው ወርልድ ሲሪስም ከ1904 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይካሄድ ቀረ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የካናዳው ቡድን ሞንትሪያል ኤክስፖስ ነው። 74 አሸንፎ 40 ብቻ ተሸንፎ፣ ከሁሉም በላይ ሆኖ ሳለ ሁሉ ነገር እዚያው ቆመ።

የ2021ዱ 99 ቀን ቆይቶ በማርች 2022 አለቀ። ዘግይተውም ቢሆን የእያንዳንዱ ቡድን 162ቱም ጨዋታዎች ተካሄዱ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ስሙ አያታልልህ። እኔ ጃዝ ወዳድ ነኝ፤ ስለ 1942ቱ የአሜሪካ «የቅጂ እገዳ»፣ ማለትም ሙዚቃ በሸክላ መቅዳት ስለቆመበት ጊዜ፣ ሳነብ ለረጅም ጊዜ በጦርነቱ ምክንያት መንግሥት የከለከለ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሙዚቀኞቹ ማኅበር የጠራው አድማ ነው! የጃዝ ሙዚቀኞቹ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊለስፒ በ1943 በኧርል ሃይንስ ባንድ ውስጥ አብረው ሲጫወቱ ስቱዲዮ ገብተው ያስቀሩት ሸክላ የለም። ቢቦፕ የሚባለው አዲስ የጃዝ ስልት ሲወለድ ማይክሮፎኑ ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ «እገዳ»፣ «ማቆም»፣ «ውዝግብ» የሚል ስታነብ መጀመሪያ ሥራውን ማን እንዳቆመው ፈልግ።