ማሞቂያው ሳይበላሽ ጫጩቶቹን ለምን ይበርዳቸዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቢሾፍቱ ዳርቻ ነው። 300 የአንድ ቀን ጫጩቶች አስገብቼ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ እያሳደግኋቸው ነው። ማሞቂያው ላይ 220 ቮልት፣ 1000 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ቀን ቀን ደህና ናቸው፤ ከመሸ በኋላ ግን ማሞቂያው ሥር ተደራርበው ሲንጫጩ ያድራሉ፤ ጠዋት ታፍነው የሞቱም አገኛለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምሽት ላይ ሲለካ ማሞቂያው ዘንድ 175 ቮልትና 3.6 አምፔር፣ ቆጣሪው ዘንድ ደግሞ 190 ቮልት አነበበ። ከቆጣሪው እስከ ጫጩት ቤቱ 80 ሜትር ይሆናል፤ የተዘረጋው ባለ 0.75 (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር) የመዳብ ገመድ ነው። ማሞቂያውን ልቀይር ወይስ ስታቢላይዘር (የወረደ ቮልት የሚያስተካክል መሣሪያ) ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይግዙ፤ ገንዘብዎ ገመዱ ላይ ይዋል። ምሽት ላይ ማስለካትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀን ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ችግሩ አይታይም ነበር።

መጀመሪያ ማሞቂያውን እንመርምር። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ሽቦው ኮረንቲን የሚገታበትን መጠን ያገኛሉ። 175 ለ3.6 ሲካፈል 48.6 ኦም ይመጣል። ጤነኛ ማሞቂያ ስንት ሊኖረው እንደሚገባ የሚነግርዎ የተጻፈበት ቁጥር ነው፤ 220 በ220 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 48.4 ኦም ነው። ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ማሞቂያዎ ምንም አልሆነም። ማሞቂያው ውስጥ ጎን ለጎን ከተያያዙ ሁለት እኩል የሽቦ ጥቅሎች አንዱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ 97 ኦም ገደማ ያገኙ ነበር፤ አምፔሩም በግማሽ ይወርድ ነበር።

ታዲያ ጫጩቶቹን ለምን ይበርዳቸዋል? ኃይልን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔሩ ያባዙ፦ 175 በ3.6 ሲባዛ 630 ዋት። 1000 ዋት ብለው የገዙት ማሞቂያ ምሽት ላይ የሚሰጥዎ 630 ብቻ ነው። ቮልቱ የወረደው በአንድ አምስተኛ ያህል ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የቀነሰው፣ ቮልት ሲወርድ አምፔሩም አብሮት ስለሚወርድ ነው። ይህ የሚሆነውም የውጪው ብርድ በሚበረታበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት በጀርባዋ ቁመት ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ገመዱ። ከ190 ላይ 175 ሲቀነስ 15 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። 15 ለ3.6 ሲካፈል 4.2 ኦም ገደማ ነው። ባለ 0.75 የመዳብ ገመድ በ80 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 160 ሜትር፣ 3.7 ኦም ያህል ሊኖረው ይገባል። የቀረው ግማሽ ኦም ያህል ምናልባት ከላላ መጋጠሚያ ወይም ከተቃጠለ ሶኬት የመጣ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኼኛው ነው። ገመዱ ላይ የሚባክነው 15 በ3.6፣ ማለትም 54 ዋት፣ በ160 ሜትር ሽቦ ላይ ሲበተን እጅ አያቃጥልም። ነገር ግን ግማሽ ኦም በአንድ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ካለ፣ 3.6 በ3.6 በ0.5 ሲባዛ 6.5 ዋት አውራ ጣት በምታክል ቦታ ላይ ይከማቻል። ያ ቦታ ከደረቅ ጭድ ወይም ከሰጋቱራ ጉዝጓዝ አጠገብ ከሆነ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዛሬውኑ ብሬከሩን አጥፍተው መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ያስፈትሹ።

ገመዱን በባለ 2.5 መዳብ ቢቀይሩ ሬዚስታንሱ ወደ 1.1 ኦም ይወርዳል፤ ማሞቂያውም በዚያው 190 ቮልት 710 ዋት ያህል ይሰጣል። ባለ 4 ቢያደርጉት 725 ቢያገኙ ነው፤ ወደፊት ተጨማሪ ማሞቂያ የሚያስገቡ ካልሆነ ለ15 ዋት ያን ያህል ወጪ አልመክርም።

ስታቢላይዘሩ ጫጩት ቤቱ ውስጥ በዚህ ቀጭን ገመድ መጨረሻ ላይ ቢተከል፣ 1000 ዋቱን ለማውጣት ከገመዱ 6 አምፔር ገደማ ይስባል። ያኔ ገመዱ ላይ የሚባክነው ከ54 ወደ 150 ዋት ይወጣል፤ የላላው መጋጠሚያም በዚያው ልክ ይበልጥ ይግላል። ገመዱ ሳይቀየር ፈጽሞ አይሞክሩት።

ገመዱ ቢቀየርም መስመሩ ራሱ ምሽት ላይ 190 ስለሚሆን ከ1000 ዋት የጎደለው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የቀረውን በቤቱ አያያዝ ይሸፍኑ። ጫጩቶቹን በካርቶን ወይም በቀርከሃ ክብ ከልለው ወደ ሙቀቱ ያቅርቧቸው፤ ነፋስ የሚገባበትን ጎን በማዳበሪያ ከረጢት ይጋርዱ፤ ጉዝጓዙን ያወፍሩ፤ ከላይ ግን አየር መውጫ ይተዉ። ከሰል የሚጨምሩ ከሆነ አየር መውጫው የግድ ነው፤ የከሰል ጭስ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል።

ባለ 300 ዋት ተጨማሪ ማሞቂያ ቢያስገቡ በ190 ቮልት የሚሰጠው 220 ዋት ያህል ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ቮልቱ ወደ 220 ሲመለስ ግን ሁለቱ አንድ ላይ 1300 ዋት ይሆናሉ። ጫጩቶቹ ከሙቀቱ ሸሽተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ካዩ በዝቶባቸዋል ማለት ነው። ስለዚህ ተጨማሪውን ሙቀቱ ሲበቃ ራሱ በሚያጠፋ ቴርሞስታት ያስገጥሙት።

ይህ ስሌት ለማሞቂያ ሽቦ እንጂ ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። የማሞቂያ አምፖል ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ሲበራ ካለው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ አጥፍተው በኦም መለኪያ ከለኩት ያሳስትዎታል፤ በርቶ ሳለ ቮልቱንና አምፔሩን ይለኩ። የውኃ ፓምፕና ማራገቢያ ደግሞ ሞተር ስለሆኑ ቮልት በአምፔር ማባዛት ብቻውን ትክክለኛ ዋታቸውን አይሰጥም።

ገመዱ ከተቀየረ በኋላ ምሽት ላይ ቴርሞሜትር በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት ያንጠልጥሉ። 33 ዲግሪ እያሳየ አሁንም ከተደራረቡ፣ ወይም ነጭ ተቅማጥ ካዩ፣ ችግሩ የብርድ ብቻ ላይሆን ስለሚችል የሞቱትን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ የእንስሳት ሐኪም ይሂዱ።