ባሌ ጠርዝ ይዞ ነው የሚተኛው

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ አንዱ ጡቴ ወጥቶ አሁን አራተኛ ዙር ኬሞ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ከዛ ወዲህ አልነካኝም፣ አስጠልቼው ይሁን ይጋባብኛል ብሎ ፈርቶ አላውቅም፣ እኔም አፍሬ አልጠየኩትም። ፔሬዴም ከቀረ ሁለት ወር ሆነው፣ ልጅ ደግሞ የለንም። በቃ አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ ኧረ አላለቀም! ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ብቻ ሳይሆን ኦቫሪንም (እንቁላል የሚያመርተውን) ስለሚጎዳ ፔሬድ መቅረቱ የተለመደ ነው፣ በተለይ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው መድኃኒት ካለበት። ባንቺ እድሜ ላሉ ብዙዎቹ ከጨረሱ ከወራት በኋላ ይመለስላቸዋል፣ ዓመት የሚቆይባቸውም አሉ፣ ሳይመለስ የሚቀርባቸውም አይጠፉም። ደግሞ ፔሬድ ቀረ ማለት አታረግዢም ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ ኬሞ ላይ እያለሽ ማርገዝ ለጽንሱ አደጋ ስላለው መከላከያ የግድ ነው። ፒልስና መርፌው ሆርሞን ስላላቸው ላንቺ አይሆኑም፣ ኮንዶም ወይ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ይሻላል። ኮንዶሙ ሌላም ጥቅም አለው፣ ኬሞ ከወሰድሽ በኋላ ለጥቂት ቀናት መድኃኒቱ በሰውነት ፈሳሽ ሊወጣ ስለሚችል ባልሽን ይጠብቀዋል።

ካንሰሩ ራሱ ግን በግንኙነት አይጋባም፣ ይሄን ለባልሽ ንገሪው። እኔ እንደሚመስለኝ አስጠልተሽው ሳይሆን እንዳያሳምምሽ ፈርቶ ነው፣ አንቺ ዝም ስትይ እሱ አልፈለገችም ይላል፣ እሱ ዝም ሲል አንቺ ጠላኝ ትያለሽ። አልጋ ላይ ሳይሆን ቀን ላይ ቁጭ ብላችሁ «ማቀፍህ ናፍቆኛል» በይው፣ ከዛ በላይ ባትፈልጊም ችግር የለውም። ድርቀት ካለሽ ከውሃ የተሠራ ማለስለሻ ተጠቀሙ፣ ቫዝሊን ግን አይሆንም ኮንዶም ይበጥሳል። ነጭ የደም ሴልሽ ወይ ፕላትሌትሽ (ደም የሚያረጋው) በጣም በወረደበት ሰሞን ደግሞ ለግንኙነቱ ሐኪምሽን ጠይቂ።

የልጁ ነገር፣ እንቁላል ማስቀመጥ የሚመከረው ኬሞ ሳይጀመር ነበር፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚፈጀው፣ ሳይነግሩሽ ከጀመሩ ብትናደጂም እውነትሽን ነው። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ቀጥሎ ታሞክሲፌን የሚባል ሆርሞኑን የሚያግድ ክኒን ለዓመታት ይሰጥሽ ይሆናል፣ እሱ ላይ እያለሽም አይረገዝም። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት ላይ እንዲህ ያለ የሆርሞን ሕክምና ከ18 እስከ 30 ወር ወስደው ለማርገዝ ያቋረጡ ሴቶች በአጭር ጊዜ ክትትል ካንሰሩ ካላቋረጡት ሴቶች በላይ አልተመለሰባቸውም። ራስሽ ግን እንዳታቋርጪ፣ «ልጅ እፈልጋለሁ» ብለሽ ለካንሰር ሐኪምሽ ካሁኑ ንገሪያት።