ትርምሱ በየት በር ይግባ? ለወጣት ደራስያን

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ላይ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ብወጣም ረቂቃችሁን ይዛችሁ መምጣቱን አልተዋችሁም፤ ተመስገን። ታዲያ የብዙዎቻችሁ አሳዛኝ ታሪክ አንድ ነው። ሰላም የሰፈነበት የመንዝ መንደር አለ፤ ከውጭ መዓት እንደ በረዶ ይወርድበታል፤ ሁሉም ይተራመሳል። አንባቢውም «እግዜር ያጥና» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ማን ምን አድርጎ ነው የሚብሰለሰለው?

የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» የተባለ ልብ ወለድ እስቲ መለስ ብላችሁ አንብቡ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። (የእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በ1958 ዓ.ም.፤ ይህ ግጥምጥሞሽ ሁሌም ያስቀኛል።) ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎ ለውጥን የሚጠላው ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ኢግቦ፣ ባህል ተመራምሮ አይደለም። ዋሽንት ሲነፋ ኖሮ በዕዳ የሞተውን አባቱን ኡኖካን መምሰል ስለሚያስፈራው ነው። በቤቱ ያሳደገውን፣ አባቴ የሚለውን ልጅ ኢኬሜፉናን፣ በሞቱ እጁን እንዳያስገባ ሽማግሌ መክሮት ሳለ፣ ፈሪ እንዳይባል በገዛ ገጀራው ገደለው። ያኔ ነጮቹ መንደሩ ገና አልደረሱም። በዚህ ግድያ የኦኮንክዎ የራሱ ልጅ የንዎዬ ልብ ግን ሸፍቷል፤ ሚሲዮኖቹ በኋላ ሲመጡ ብዙ መስበክ አላስፈለጋቸውም።

መጀመሪያ የተቀበሏቸውስ እነማን ናቸው? በወለደች ቁጥር መንታ ልጆቿ የተጣሉባት ነፍሰ ጡር፤ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ ጸጉራቸውን እንዳይላጩ የተከለከሉት፣ ኦሱ የሚባሉት የተገለሉ ሰዎች። በሩን የከፈቱት ነባሩ ሥርዓት ራሱ የገፋቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው።

አሁን ወደ መንዝና ወደ አንኮበር እንምጣ። ማረሻ የሚቀጠቅጠውን፣ እንስራ የምትሠራዋን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያሉ ማግለል የተለመደ ነበር። ያለ እሱ ማረሻ ግን የማንም ማሳ አይታረስም። በረቂቃችሁ ውስጥ ይህን ሰው የት አደረጋችሁት? በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቆጥሮ የማያውቀው ቀጥቃጭ ምን ተሰማው? ባለርስቱን ብቻ ተከትላችሁ ሥርዓቱ ሲናድ ብታሳዩኝ ግማሹን ደብቃችሁኛል።

ባለርስቱንም ቂል አታድርጉብኝ። የሚያጣው እውነተኛ ነገር አለው፤ ያባቶቹ አጥንት ያለበት መሬት ነው። ኦኮንክዎም ቂል አይደለም። ከሰባት ዓመት ስደት የተመለሰው የቀድሞ ክብሩን መልሶ እንደሚይዝ ተስፋ አድርጎ ነበር። የነጮቹን መልእክተኛ ሲገድል ወገኖቹ አልተከተሉትም። ራሱን ሰቀለ። ባህሌን ሲል የኖረውን ሰው፣ ያው ባህል ርኩስ ሞት ነው ብሎ ሬሳውን ወገኖቹ እንዳይነኩት ከለከለ፤ ያወረዱትም ባዕዳን ናቸው። እንዲህ ያለ መጨረሻ የሚገኘው ደራሲው ሰውዬውን ሲያከብረው ነው።

በሚቀጥለው ስትመጡ የቀጥቃጩን ምዕራፍ አስቀድማችሁ አምጡልኝ። የሠርጉ ይቆይ፤ ሠርግ መጻፉንስ ሁላችሁም ትችሉበታላችሁ።