ከፓምፕ ክፍሉ ጀምሩ

ውድ ወጣት መሐንዲሶችና አርክቴክቶች፣

በከተማ የባሕር ዳርቻ ላይ ሰው ሠራሽ ላጉን ንደፉ ስትባሉ እጃችሁ ቶሎ ወደ ጠርዙ ጥምዝ፣ ወደ አሸዋውና ወደ መናፈሻው ይሄዳል። እኔ ግን ከፓምፕ ክፍሉ ጀምሩ እላለሁ። ላጉን ሐይቅ የሚመስል የመዋኛ ገንዳ ነው፤ ውሃው ካልዞረ በቀናት ውስጥ ይሻግታል።

የአውስትራሊያዋን ኬርንስ ተመልከቱ። ባሕሩ ሲጎድል ከተማዋ ፊት ለፊት የሚቀረው ሰፊ ጭቃ ነው፤ አዞ አለ፣ በሞቃቱ ወራት ደግሞ መርዘኛ ጄሊፊሽ። ስለዚህ በ2003 እ.ኤ.አ. 4,800 ካሬ ሜትር የሚሰፋ የጨው ውሃ ላጉን ተከፈተ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ለስሌት ያህል ይህን ስፋት በአማካይ 1 ሜትር ጥልቀት አባዙት፦ 4,800 ሜትር ኩብ። በየ4 ሰዓቱ አንዴ ይጣራ ካላችሁ ፓምፖቹ በሰዓት 1,200 ሜትር ኩብ መግፋት አለባቸው። ሕፃናት የሚንቦጫረቁበት ክፍል ውሃው ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ ስለሆነ በ1 ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይታደስ፤ የራሱን ቧንቧና ማጣሪያ ስጡት። በር የሌለው ቦታ ሰው አይቆጠርበትምና የፓምፑንና የማጣሪያውን ልክ በበዓል ቀን ለሚመጣው ሕዝብ አውጡ።

ጥምዝ ጠርዝ ያምራል፣ ግን ውሃ የማይደርስበት ጥግ ይፈጥራል። ከርክክብ በፊት ቀለም ለቃችሁ የት እንደሚዘገይ እዩ። የገጽ ውሃ መሳቢያውን ነፋሱ ቅጠልና የቆዳ ቅባት በሚገፋበት ዳር አድርጉ።

ክሎሪንን ፀሐይ ይበላዋል፣ ከፀሐይ እንዲጠብቀው የሚጨመረው ሳይኑሪክ አሲድ ሲበዛ ደግሞ ክሎሪኑ ይዳከማል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ የተለመደውን የክሎሪን መጠን ለቀናት ስለሚቋቋም የአልትራቫዮሌት መብራት ጨምሩበት።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ገንዳው ባዶ የሚሆንበትን ቀን ነው። በባሕር ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፣ ከባሕሩ ሙላት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። አርማታ ከውሃ 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ 30 ሳንቲ ሜትር ወለል በራሱ ክብደት የሚቋቋመው ከታችኛው ፊቱ በላይ 75 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። ከዚያ ካለፈ ገንዳው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ይሰነጠቃል። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ ከወለሉ ሥር የጠጠር ማፍሰሻና የውሃ ከፍታ መለኪያ ጉድጓድ ይኑሩ። ጥገናውም ባሕሩ በጣም በሚጎድልባቸው ቀናት ይሁን። ጨው እስከ ፌሮ እንዳይዘልቅ የአርማታውን ሽፋን አታሳንሱ፤ በእኔ እምነት እዚህ ላይ የሚቆጠብ ሲሚንቶ ከሁሉም ውድ ነው።

አሸዋ ሁልጊዜ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ማጣሪያም ይደፍናል። በደረቁና በእርጥቡ መካከል ዝቅተኛ ግንብ፣ መግቢያው ላይም የእግር መታጠቢያ አድርጉ። ደሴትና ቁጥቋጦ ስትስሉ የነፍስ አድን ሠራተኛው ወንበር ላይ ሆናችሁ እዩ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዓይኑን የምትወጋው ከሆነ ወንበሩን አዙሩ።

የወለል መምጠጫ ቀዳዳ አንድ ብቻ አይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሆነው በ90 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፣ አንዱ በሰው አካል ቢደፈን ሌላው እንዲስብ። ክዳናቸው በየጠዋቱ ይፈተሽ። የተሰበረ ከተገኘ ፓምፑ ይቁም፤ እስኪቀየር ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ።