ምንቃሩ የሚያንጠባጥብ፣ ጅራቱ የሚሰነጠቅ ማንቆርቆሪያ

ጥያቄ፦ የወፍ ቅርጽ ያለው የሸክላ ማንቆርቆሪያ እሠራለሁ። ምንቃሩ መቅጃ፣ ጅራቱ ጆሮ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ግን ጅራቱ ከገላው በተጋጠመበት ይሰነጠቃል፣ ሲቀዳበትም ውሃው በአንገቱ ይወርዳል። የአንዱ ጭንቅላት ደግሞ ምድጃ ውስጥ ፈነዳ፤ ውሃ ማለፊያውን ብቻ ቀድጄ ሌላውን ድፍን ትቼው ነበር። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ስንጥቁ የእርጥበት ጉዳይ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንደ ዓይነቱ ከመቶ 5 እስከ 8 ያህል። ጠፈፍ ባለ ገላ ላይ ገና እርጥብ የሆነ ጅራት ከለጠፉ፣ ገላው መኮማተሩን ሊጨርስ ሲል ጅራቱ ገና ይጀምራል። ጉተታው የሚያርፈው መጋጠሚያው ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ጠፈፍ ሲሉ፣ በጣት ሲጫኗቸው እምብዛም የማይሰረጉዱ ሲሆኑ ያጋጥሟቸው። የሚገናኙትን ፊቶች በሹካ አመሰቃቅለው ይቧጭሩ፤ ከዚያው ጭቃ የተበጠበጠ ወፈር ያለ ልስን ቀብተው፣ ወዲያ ወዲህ እያሹ ይጫኑ። በመጨረሻ እንደ ገመድ የተድቦለቦለ ቀጭን ጭቃ በመገናኛው ዙሪያ አስገብተው በእንጨት ይለስኑት። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ስንጥቁ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃውን በላስቲክ ሸፍነው እርጥበቱ እስኪተካከል አንድ ሁለት ቀን ያቆዩት። ሲገልጡትም ጅራቱ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃልና እሱን እንደተሸፈነ ይተዉት።

ጭንቅላቱን ያፈነዳው ታፍኖ የቀረ አየር ነው ይባል ይሆናል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ውሃ ነው፤ ድፍን ጭቃ ላዩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ይሆናል፣ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲያልፍ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣል። ጭንቅላቱን ጠፈፍ ሲል በሽቦ ለሁለት ከፍለው ግድግዳው ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር እስኪቀር ይጎርጉሩትና መልሰው ያጋጥሙት። ዝግ ሆኖ የሚቀር ባዶ ቦታ ካለ በመርፌ ይብሱት። ምድጃውን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ላይ ለብዙ ሰዓታት ያቆዩ፤ ከዚያም እስከ 600 ዲግሪ ድረስ በሰዓት ከ100 ዲግሪ በላይ አይጨምሩ።

ምንቃሩ የሚያንጠባጥበው ጫፉ ስለደነዘዘ ነው። ውሃ ዱልዱም ከንፈር ላይ ተጣብቆ ወደ ታች ይዞራል፣ ስል ጠርዝ ላይ ግን ይቆረጣል። መተላለፊያውን ከገላው በኩል ሰፊ፣ ወደ ጫፉ ጠባብ ያድርጉት፤ የታችኛውን ከንፈር አሹለው በትንሹ ወደ ታች ይቀልብሱት። ግሌዝ የሚባለው መስታወታማ ቅብ ጠርዙን መልሶ ስለሚያድቦለብል ከዚያ ላይ በስፖንጅ ይጥረጉት። የምንቃሩ ጫፍ ከማንቆርቆሪያው አፍ ዝቅ ካለ ደግሞ፣ ዕቃው ሳይሞላ በምንቃሩ ይፈሳል። ይህ በንድፍ እንጂ በቅብ አይታረምም።

ጥያቄ፦ ላባዎቹን እቀርጻለሁ፤ ግሌዝ ስቀባ ግን ይጠፋሉ። ውስጡንስ በምን ልቀባው?

መልስ፦ ጥልቀት የሌለው መስመር በወፍራም ቅብ ይሞላል። ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ጠልቀው ይቅረጹ፣ ቅቡንም ያቅጥኑ። ውስጡ ለስላሳ ይሁን፤ ጎድጓዳ መስመር ቆሻሻ ይይዛል። እርሳስ የሌለበት፣ ከጭቃዎ የመተኮሻ ሙቀት ጋር የሚስማማ ቅብ ይምረጡ። ከተተኮሰ በኋላ የሎሚ ቁራጭ አንድ ሌሊት ያሳድሩበት፤ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ወዙ ከጠፋ ለመጠጥ አይሆንም። ባይለወጥም እርሳስ አለመኖሩን ይህ አያረጋግጥም፤ ያንን የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።